ያ እንግሊዛዊ ሰውዬና ሚስቱ

«ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ! ጫማሽን ተይው፣ ጭቃው የሁላችንም ነው። እዚህ ቁጭ በይ... እሱ ላይ አይደለም፣ እሱ እግሩ ይንገዳገዳል፤ ለስሙ ነው ወንበር የሚባለው። በዚህ ዝናብ ሚኒባስ አገኘሽ? ተመስገን። ነጠላሽ ደግሞ እንዴት ያምራል! እስቲ ጥለቱን ልየው። ሽሮ ሜዳ ነው አይደል? አውቄዋለሁ። ሰው ሁሉ ‹ሸማኔው ማነው?› ይልሻል። እጁ ይባረክ፣ ይጠየቅ። ግን የኔ ልጅ፣ ‹ፈታይዋስ ማናት?› ያለ ሰው ገጥሞሽ ያውቃል? እኔንም አልገጠመኝም። ለነገሩ ምን ያደርጋል... ክር እንደሆነ ከሰማይ ይወርዳል!»

ወይዘሮ ደሳለች ይህን ብለው ሳቁና ሻዩን ቀዱ።

ባለቤታቸው አቶ ያዕቆብ መስኮቱ ሥር፣ ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሳቁን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ጠበቅ አደረጉ። አርባ አንድ ዓመት በትዳር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው በክር ከጀመሩ መጨረሻው መርፌ እንደሆነ ያውቃሉ።

እንግዳዋ ሮሐ የመጣችው ከማተሚያ ቤት ነው። በያዘችው ትልቅ ፖስታ ውስጥ የመጽሐፍ ሽፋን አለ። ርእሱ «ጋብቻና ሥልጣን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ደራሲዎች ቤት» ይላል። ከርእሱ ሥር በደማቅ ቀይ ፊደል «ያዕቆብ ፀሐዬ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ስም የለበትም። አቶ ያዕቆብ ሽፋኑ ላይ ከፈረሙ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ይነሣል፤ ከታተመ በኋላ ደግሞ የሚፋቅ ነገር የለም።

ሦስት መቶ አሥሩን ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው፣ አስበው፣ በእጃቸው የጻፉት ግን ወይዘሮ ደሳለች ናቸው። ይህን የሚያውቁ በምድር ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም እዚህ ክፍል ውስጥ አሉ። ከሦስት ቀን በፊት ምሳ ላይ ወይዘሮ ደሳለች ሹካቸውን አስቀምጠው፣ «ስሜ ከስምህ ሥር፣ በትንሽ ፊደልም ቢሆን፣ ቢገባ ምን ይመስልሃል?» ብለው ጠይቀው ነበር። አቶ ያዕቆብም «እናስብበታለን» አሉ። አሰቡበትም። ብቻቸውን።

«ሻዩ ይፋጃል፣ ቀስ ብለሽ። እሱ ወረቀት ይደርሳል፤ የሚፈርመው ሰው መነጽሩን እስኪያገኝ እንጫወት።»

መነጽሩ አቶ ያዕቆብ ግንባር ላይ ነበር።

«መጽሐፉን አንብበሽዋል? ሽፋኑን ብቻ? አልፈርድብሽም፣ ሥራሽ ነው። ብዙ ሰው ከሽፋን አያልፍም... ሽፋኑ ላይ የሚወጡትም ጭምር። እኔማ ቤት ውስጥ የተኛ ወረቀት ስለሆነ አንዳንድ ነገር አይቼበታለሁ። ያኔ እንግሊዝ አገር ንግሥቲቱ ዙፋን ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ባል ያላት ሴት መጽሐፍ ብትጽፍ የምታገኘው ሁሉ በሕግ የባሏ ነበር አሉ። አስቢው እስቲ! አገሩን የምትገዛው ሴት፣ ቤቱን የሚገዛው ወንድ። ሐኪሞቻቸው ደግሞ ብዙ ማንበብ ሴትን ያሳምማል ይሉ ነበር። ይሆናል። እኔ ያየሁት ግን ሴቲቱ ስታነብ በሽታው ባልየው ላይ ሲወጣ ነው። ሌሎቹ ደግሞ መጽሐፋቸው እንዲነበብ ብለው የወንድ ስም ፈልገው፣ መርጠው፣ በዚያ ስም አሳተሙ። ምን ነካቸው ግን? የወንድ ስም ለማግኘት ያን ያህል መልፋት ምንድነው? እኛ አገር እኮ ዝም ብሎ ማግባት ይበቃል!»

ሮሐ ፈገግ አለች። ትምህርት መስሏት ነበር።

«አንድ ሰውዬ ነበረ አሉ፣ እንግሊዝ። ስሙን አልጠራም፤ ስም መጥራት ደግ አይደለም፣ በተለይ ስሙን ለሚወድ ሰው። ብቻ እንዴት ያለ ታላቅ ደራሲ መሰለሽ! ሐሳብ የሚባለው ነገር ከእሱ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ጠዋት ይነሣል፣ ጋቢውን ይከናነባል፣ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፣ ከዚያ ድንገት ‹መጣልኝ!› ይላል። ሚስቲቱ ከጓዳ ብዕር ይዛ ትሮጣለች። ‹ጻፊ› ይላታል፣ ‹የሰው ልጅ...› ይልና ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል እንቅልፍ ይወስደዋል። የሰው ልጅን መንገድ ላይ ትቶ! ታዲያ እሷ ምን ታድርግ? ሜዳ ላይ አትጥለው ነገር፣ የሰው ልጅን እጁን ይዛ ቤቱ ታደርሰዋለች። ሰውዬው ሲነቃ ሃያ ገጽ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ‹አዎ፣ ልክ እንዲህ ነው ያልኩሽ› ይላታል። ትሕትናው አይገርምሽም? ሌላው ቢሆን ‹አንቺ ነሽ የጻፍሽው› ብሎ ያሳፍራት ነበር! ደግሞ ዝም ብሎ አያልፈውም። ‹ነገር ግን› የሚለውን ይሰርዝና ‹ይሁን እንጂ› ብሎ ይጽፍበታል። እሱ ነው ከባዱ ሥራ... ከሰዓት በኋላ ወገቡ ሲታሽለት ይውላል።

«ምነው ሳቅሽ? ጋቢው ነው? እንግሊዝ አገር ብርድ አይደል እንዴ! እኛ እንጦጦ ሥር ሆነን የምንለብሰውን እነሱ ለምን አይለብሱም?»

አቶ ያዕቆብ ጋቢያቸውን ቀስ ብለው ከራሳቸው ላይ አወረዱ። ከዚያ ማውረዳቸው ራሱ እንደ ምስክርነት መሰላቸውና መልሰው ተከናነቡ።

ምን ይበሉ? በስሙ የተሰደበ ሰው ይቆጣል፣ ይመልሳል፣ ካስፈለገም ሽማግሌ ይጠራል። ስለ አንድ ሟች እንግሊዛዊ ሲወራ «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ የተነሣ ሰው ግን ራሱ በራሱ ላይ መፈረሙ ነው። ስለዚህ በሆዳቸው ተሟገቱ። እንግሊዝኛን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም? አሉ። እውነት ነው፤ ወይዘሮ ደሳለች የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ ፊደሉን ያስቆጠሯቸው እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ መደርደሪያውን ሁሉ አንብበው የጨረሱት ግን ወይዘሮ ደሳለች ናቸው። ደግሞስ ሐሳቡ የማን ነው? አምና ለፋሲካ ከሸጎሌ በግ ገዝተው ሲመለሱ፣ ሚኒባስ ውስጥ በጉን በጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ «የእነዚያ የእንግሊዝ ደራሲዎች ሚስቶች ምን ይሉ ይሆን?» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሦስት መቶ አሥር ገጽ የወጣው ከዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። ያቺን ያለ ማን ነው? በጉ እንኳ ምስክር ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ተበልቷል።

«ዳቦውን ቅመሽ እንጂ! ሚስቲቱ ብትሆን በግድ ታበላሽ ነበር። ባልየው በሻይዋ ይኮራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ሚስቴ የምታፈላው ሻይ!› ይላል እንጂ ሌላ ወሬ የለውም። ይወዳታል። ሴት በማይገባት ነገር እንዳትታማ ብሎ በሻይ ብቻ ያስመሰግናታል።

«ታዲያ አንድ እሑድ ንግግር እንዲያደርግ ተጠራ። የት? የእድራቸው አዳራሽ በይው። እንግሊዞችም ይሞታሉ፣ እድር ሳይኖራቸው አይቀርም። ስለምን ሊናገር መሰለሽ? በሚስቶቻቸው ድካም ስለሚከበሩ ባሎች! እንዴት አንጀቱ ቢራራ ነው? ንግግሩን ማን እንደጻፈለት አትጠይቂኝ፤ እኔ ምን አውቄ። ሚስቲቱ ግን ሲቸኩል ትን እንደሚለው ስለምታውቅ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በትንንሽ ፊደል ‹እዚህ ጋ ውሃ ጠጣ። ቀስ በል። መድኃኒትህን ወስደሃል?› ብላ ጽፋለት ነበር። እሱ ደግሞ የተጻፈለትን ሁሉ ማንበብ የለመደ ሰው ነው። እዚያች ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ፣ እጁን ዘርጋ አደረገና... ‹እዚህ ጋ ውሃ ጠጣ! ቀስ በል! መድኃኒትህን ወስደሃል?› አለ!

«እኔ... ማለቴ ሚስቲቱ፣ ኋላ ወንበር ላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ምን ሆነ? ተጨበጨበ! የአንዲት ደራሲ ሚስት ደብዳቤ መስሏቸው እኮ ነው። አንዲት እናትማ አለቀሱ። የእድሩ ሊቀ መንበር ተነሥቶ ‹እንዲህ ያለ ፍቅር ድሮ ቀረ!› አለ። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል። እውነት ነው፣ አያጨበጭብም፤ ለአንድ እጅ ግን ይጨበጨብለታል። ብቻ ያ ሁሉ ሆኖ ሰውዬው ውሃውን ጠጣ ብለሽ ነው? ንክችም አላደረገው። መድኃኒቱም ኪሱ ውስጥ ነበር።

«በመጨረሻ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ጠየቀው። ጥያቄው ቀላል ነበር አሉ፣ ‹ይህን ከየት አገኙት?› የሚል። ሰውዬው አገጩን ያዘ። ‹ይህ ጥልቅ ጥያቄ ነው፤ ቤቴ ሄጄ አስቤበት እመልስልሃለሁ› አለው። የእሑዱን ጥያቄ ማክሰኞ መለሰ። እንደሌሎቹ አፉ ላይ የመጣውን የሚናገር ሰው አይደለም... ቤቱን ሳያማክር ውልፍት አይልም!»

አቶ ያዕቆብ ትን አላቸው። ሳሉ፣ እንደገና ሳሉ። ሚስታቸው ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ዞር ብለውም ሳያዩ፣ ውሃ በብርጭቆ ቀድተው እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። ሮሐ ብርጭቆውን አየች፤ ከዚያ ሰውዬውን አየች፤ ከዚያ ጋቢውን። ሻይዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እና ያቺ የጠርዝ ማስታወሻ መጽሐፉ ውስጥ ገባች፣ ገጽ ስድሳ አራት ላይ። ሚስቲቱ ‹ይሄ እኮ የእኔ ነው፣ አውጣው› ብትለው፣ ‹ሕዝብ የወደደውን እንዴት አወጣለሁ?› አላት። ስለዚህ ‹ስሟ ያልታወቀ አንዲት የእንግሊዝ ደራሲ ሚስት ለባሏ እንደጻፈችው› ተብሎ ሰፈረ። ከዚያ ሁሉ ገጽ የራሷ ሆና የገባችው እዚያች ጋ ብቻ ናት። ቅር ይበላት? ምን ቅር ያሰኛል! ከጉለሌ ሳይወጡ እንግሊዛዊት መሆን ለማን ተገኝቷል?... ጉለሌ አልኩ እንዴ? ለንደን ማለቴ ነው። እርጅና እኮ ነው፤ ሁለቱም ደመና አይለያቸውም።»

ያን ጊዜ የሚያውቁት ሦስት ሆኑ። ሮሐ ሽፋኑን ከፖስታው አወጣች፤ ቀዩን ስም አየችና ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ ባልና ሚስት መካከል፣ በጥንቃቄ ዘረጋችው። ብዕሩንም አጠገቡ አኖረች። ከስሙ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ቦታ አለ። አቶ ያዕቆብ ቦታውን ያኔ ነው ያዩት፤ ሳይለኩት ለካቸው፤ አንድ ስም ከነአባት ስም በደንብ ይይዛል።

«እንዳታሚው ደግሞ! ሰውዬው ምስጋና ቢስ አልነበረም። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ማንንም ሳያማክር፣ በገዛ እጁ አንድ መስመር ጻፈላት። ‹ስጽፍ ድምፅ ሳታሰማ ለምትቀመጠው ባለቤቴ ምስጋናዬ ይድረሳት› ብሎ። አየሽ? ሰው በሠራው ሲመሰገን ያለ ነው፤ ድምፅ ባለማሰማት መመሰገን ግን ለስንቱ ይደርሳል? ብዕሯ ከእንቅልፉ ቀስቅሶት ስለማያውቅ ነው። ሚስቲቱም መስመሯን አየቻት፤ አንዲት ነጥብ አልነካችባትም። ከመጽሐፉ ሁሉ የእሱ የሆነችው ያቺ ብቻ ናት፣ እንዴት ትነካበታለች?

«የእኛ አባቶች ‹ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ› ይላሉ። የዘመኑ ልጆች ይቆጡበታል። እኔ ግን አልቆጣም፣ ልክ ናቸው። ሴቲቱ አውቃ፣ ጽፋ፣ አርማ፣ ገልብጣ ስትጨርስ ወንዱ ይመጣና ስሙን ያኖርበታል። ያው... አለቀ አይደል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኔ አጥርም አልነቀነቅሁ፤ ስለ ሩቅ አገር ነው የማወራው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ያ ወንበር ነው።»

አቶ ያዕቆብ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ብዕሩን አነሡ።

እጃቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ ነጩ ቦታ ነበር። ይህን ሮሐም አይታለች፣ ወይዘሮ ደሳለችም አይተዋል። ወይዘሮ ደሳለች የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንዳነሡ ቀሩ፤ ማንቆርቆሪያው በአየር ላይ ቆመ። አቶ ያዕቆብ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስነኩት። ትንሽ ጥቁር ነጥብ ወጣች። «ደ» ለመጻፍ ያቺ ነጥብ ጥሩ መነሻ ነበረች።

ከዚያ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ቦጋለ ትዝ አላቸው። ያን ዕለት ከመድረኩ ሲወርዱ አቅፏቸው፣ «የጉለሌ ኩራት!» ብሏቸው ነበር። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራ ላይ ረዳቱ «ደራሲው መጡ፣ ጋቢና!» ይላል፤ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ያስገባቸዋል። ሁለት ስም ያለበት መጽሐፍ ቢወጣ አቶ ቦጋለ አንዱን ስም ያነብና፣ ሌላውን ያነብና፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «ለካስ...» ይላል። ያቺን «ለካስ» መስማት አልቻሉም። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከጋቢና ወርዶ ከኋላ መቀመጥ ከበዳቸው።

እጃቸው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደና መፈረሚያው ቦታ ላይ ፈረመ።

ወይዘሮ ደሳለች ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ፊታቸው አልጠቆረም፤ እንዲያውም በራ። ሮሐ አንገቷን ደፍታ ሽፋኑን ወደ ፖስታው ስትመልስ ሌላ ወረቀት አወጣች፤ የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ የላከው ደብዳቤ ነው። ወይዘሮ ደሳለች እንደ ልማዳቸው ተቀብለው ለባለቤታቸው ጮክ ብለው አነበቡላቸው። የመጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ ለጥምቀት እንዲደርስ፣ የተከበሩ ደራሲ ከወዲሁ ሥራቸውን እንዲጀምሩ በአክብሮት ይጠይቃል።

«እሰይ! ለጥምቀት! ስድስት ወር እኮ ነው፣ ሐሳብ ላለው ሰው ስድስት ወር ምን አላት? ሐሳቡ እንደሆነ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ሲመጣ እሰማዋለሁ። እኔ በበኩሌ ዓይኔ ደክሟል የኔ ልጅ። እስከ ዛሬ ጠረጴዛውን ተጋፍቼው ኖርኩ፣ አሁንስ ይብቃ። ዛሬውኑ እወለውለዋለሁ፣ ወረቀቱን እደረድራለሁ፣ ብዕሩን ቀለም ሞልቼ አኖራለሁ፣ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጌ ለባለቤቱ እለቅለታለሁ። እዚሁ ጉለሌ ያለውን የእጽዋት ማዕከል ዛፎች ካየኋቸው ስንት ጊዜዬ! እዚያ ሄጄ እቀመጣለሁ። ለሥራ አስኪያጁ ‹እሺ ብለዋል፣ ጀምረዋል› በዪልኝ።»

አቶ ያዕቆብ መነጽራቸውን መልሰው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት። ወይዘሮ ደሳለች ሮሐን ሊሸኙ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ዘርግተው፣ እንደ ደግ እናት ለስለስ ባለ ድምፅ መረቁ።

«እንግዲህ የዚህን መጽሐፍ ባለቤት እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ከክፉ ዓይን ይሰውረው። ዓይኑን ያብራለት፣ እጁን ያጽናለት፣ እንቅልፉን ያቅልለት። እኔን ያስቀድመኝ፤ እሱ ከእኔ በኋላ ሃያ ዓመት ይኑርልኝ፣ ሲሆን ሠላሳ። በየዓመቱም አንድ አንድ መጽሐፍ... ማንም ሳይረብሸው፣ ብቻውን፣ በገዛ እጁ ይጻፍ። ያን ጊዜ እንኳ ማን እንደሆነ አገር ሁሉ ይወቅለት። አሜን በይ እንጂ ሮሐዬ... ምነው፣ ምርቃት ነው እኮ!»